የትኛዋ ፊይ?

«ትያን፣ ማ ፊይ» አለቻት ማዳም፣ እንኪ ለማለት፣ ትሪውን ለዲንቄ እያቀበለች። እኔ ከመስኮቱ ሥር አንሶላ እየጨመቅሁ ነበር። «ማ ፊይ» አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። በዚያ ግቢ ስድስት ዓመት ልብስ ሳጥብ ማዳም የገዛ ልጇን ኮሌትን «ማ ፊይ» ብላ ስትጠራት ቀን በቀን እሰማለሁ፤ «ልጄ» ማለት እንደሆነም ዘበኛው ከበበ ነግሮኛል። ያን ዕለት ግን ሳሎኑ በሣጥን ተሞልቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ጠረጴዛው ላይ የእኔን ጣት የሚጠብቅ ወረቀት ተዘርግቶ ሳለ ያው ቃል ዲንቄ ላይ ሲያርፍ፣ አንሶላው ከእጄ አምልጦ ጭቃ ላይ ወደቀ። እንደገና ማጠብ ሆነ።

ጊዜው ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ነው። ሙሴው፣ የማዳም ባል፣ የመንገድ መሐንዲስ ነበር፤ ውሉ አልቆ አገሩ ሊገባ ነው። ሣጥኖቹ ሐሙስ በባቡር ጅቡቲ ይወርዳሉ፣ ቤተሰቡም ይከተላል። ማዳም ዲንቄን ይዣት ልሂድ ብላለች። ጠዋት እንደገባሁ ከበበን አስጠርታ በእሱ አፍ አስነገረችኝ። ከበበ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ደረቱን ነፍቶ፣ «ወለቴ፣ እልል በይ!» አለኝ። «ፊይ አድርገው ሊወስዷት ነው። ይኸው ተጽፏል፣ እዚህ ላይ ፊይ ይላል። ልጃቸው ልትሆን ነው እኮ! ነገ ጠዋት ጣትሽን ማሳረፍ ነው።» ወፍራም ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተከለው። እኔ የማውቀው ፊደል የእኛኑ ነው፤ እሱንም ቢሆን አንድ በአንድ እየለቀምሁ።

ዲንቄን አልወለድኳትም። አባቷ ፈዬራ ከእንጦጦ ማዶ ከሱሉልታ ቅቤና ማገዶ ይዞ ሲወርድ እኔ ቤት ያርፍ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ዓመት የስምንት ዓመት ልጁን አህያ ላይ አስቀምጦ አመጣትና «ኢንተላ ኬ» አለኝ፤ ልጅሽ ናት ማለቱ ነው። «ልጄ ናት፣ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» ብዬ በራጉኤል ስም ማልሁለት። ይኸው አራት ዓመት።

እና ነገሩ እንዲህ ሆነብኝ። እውነት ልጅ አድርገው የሚወስዷት ከሆነ ምን አፍ አለኝ? ኮሌት ጫማ አላት፣ ሐኪም አላት፣ የራሷ አልጋ አላት። ዲንቄም እንደሷ ልትሆን ነው ከተባለ አልቅሼም ቢሆን እሸኛታለሁ። ልጅ ካልሆነች ግን ጣቴን ይቁረጡት እንጂ ወረቀቱ ላይ አያርፍም። ሁሉ ነገር በአንዲት ቃል ላይ ቀረ። የከበበን ፈረንሳይኛ ደግሞ አላምነውም። አንድ ጊዜ ማዳም ሎሚ አምጣልኝ ብትለው ዶሮ አርዶ ይዞላት ገብቷል። አንሶላውን ካሰጣሁ በኋላ ወረቀቱን አንስቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! የሰው ወረቀት ይዘሽ ወዴት ነው?»

«ላስነብበው።»

«እኔ አነበብሁልሽ አይደለም እንዴ?»

«ሎሚዋንም አንብበሃት ነበር» አልሁትና በሩን አልፌው ወጣሁ። ከኋላዬ ሲስቅ ይሰማኛል፤ ክፉ ሰው አይደለም።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ የካ ሚካኤል አውቶቡስ መያዝ ይቻል ነበር። አሥራ አምስት ሳንቲም መቀነቴ ውስጥ ነበረች፤ ስናደድ ግን በእግሬ መሄድ ይቀለኛል። አቶ ገብረማርያም ለገሃር ሠላሳ ዓመት የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ልብሳቸውን በወር ሁለቴ አጥብላቸዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በአምስት ብር የሚከራዩት አንድ ክፍል አላቸው። አልጋው ከፍ ያለ ነው፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ሻንጣ አለ፣ ግድግዳው ላይ ትኬት የሚበሱበት መቆንጠጫ በምስማር ተንጠልጥሏል፤ ከጎኑ ትልቅ ሰዓት አለ። አሁንም ባቡር የሚያመልጣቸው ይመስል በየቀኑ ጠዋት ይሞሉታል። ቆሎ በሳህን አቀረቡልኝ፣ ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔ ግን ንባቡን አልጠበቅሁም። «ፊይ ማለት ምንድን ነው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ» አልኋቸው።

«ቃሏ አንዲት ናት» አሉኝ ጊዜ ወስደው። «ብቻዋን ግን አትሄድም። ከፊቷ የሚቀድመውን፣ ከኋላዋ የሚከተለውን ማየት አለብሽ። ‹ማ ፊይ› ካልሽ የኔ ልጅ ናት። ‹ዩን ፊይ› ካልሽ አንዲት ልጅ፣ የማንም ትሁን። ‹ፕቲት ፊይ› ትንሽ ልጅ ናት፤ በሌላ አገባብ ደግሞ የልጅ ልጅ ትሆናለች። ‹ቪዬይ ፊይ› ሳታገባ ያረጀች ናት።»

«እኔን ነው እንዴ የሚሉት?»

«አንቺማ አግብተሽ ፈተሻል። አንቺን የሚችል ቃል ፈረንሳይ የላትም።» ቆሎ ቆረጠሙ። «አፋቸውን ጠመም አድርገው ብቻዋን ‹ፊይ› ካሏት ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ መጠጥ ቤት በር ላይ የምትቆመዋ ናት።»

«ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል?»

«በአንድ ቃል። በይ እንግዲህ ወረቀቱን ልየው።» ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «እዚህ ‹ማ› የለም፣ ወለተጊዮርጊስ። ‹ላ ፊይ ዲንቄ› ነው የሚለው። ለገሃርን ታውቂያለሽ አይደል? ለገሃር የምትሉት እኮ የእነሱው ‹ላ ጋር› ነው። ጣቢያው ማለት ነው። ጣቢያው የማንም አይደለም፣ ሁሉም ይወርድበታል፣ ሁሉም ይሳፈርበታል። ‹ማ ጋር› ብሎ የሚያለቅስለት ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላየሁም። ‹ላ ፊይም› እንዲሁ ናት። ያቺ ልጅ፣ ልጅቷ። ከኋላዋ የሚከተለው ደግሞ ይኸውልሽ፣ ‹ፊይ ደ ሰርቪስ›።»

ይህችን እንኳ አስተርጓሚ አልፈለግሁባትም። ሰርቪስ ቤት ምን እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለው ነው። የቀረውን አቶ ገብረማርያም አነበቡልኝ፦ ሦስት ዓመት ታገለግላለች፣ ምግብና መኝታ ይሰጣታል፣ ልብስ በዓመት ሁለት ጊዜ። ደመወዝ የሚል ቃል የለበትም። ብድግ አልሁ። ያልተናገርሁት የለም። እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ፣ በባሕር ማዶ ውኃ ልታስቀዳት፣ በነጻ ልታሠራት፣ ልጄ እያለች እየደለለች፣ አልሁ። አቶ ገብረማርያም ወረቀቱን በታጠፈበት አጥፈው ሰጡኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡ «አንቺ ዘንድስ?» አሉኝ።

«እኔ ዘንድ ምን?»

«ምን ትሠራለች?»

«ምን ትሠራለች ይሉኛል እንዴ፣ ልጄ ናት! ውኃ ትቀዳለች፣ ጭራሮ ትለቅማለች፣ ልብስ ታደርስልኛለች፣ በካውያ ትተኩሳለች። እንደማንኛዋም ልጅ።»

«ደመወዝ?»

«ልጅ ደመወዝ አለው እንዴ?»

«የለውም፣ እውነትሽን ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ነው ያለው።» ሰዓቱን አዩት፣ እኔን አላዩኝም። «ጎረቤቶችሽ ‹ልጅቷን ላኪያት› ሲሉሽ ሰምቼ አውቃለሁ። እኛም ‹ማ› እና ‹ላ› አለን ለካ፣ አልሁ በልቤ። እኔ ምን አገባኝ፣ ሽማግሌ ነኝ።»

ሳልሰናበት ወጣሁ። «ቆሎውን እንኳ ሳትቀምሺ!» ሲሉኝ በሩን ዘግቼው ነበር። የቀበናን ድልድይ እስክሻገር ድረስ ከእሳቸው ጋር በልቤ ስጣላ ሄድሁ። ሁለት ጊዜም ረታኋቸው። ሸማ ገዝቼላታለሁ፣ ስትታመም አቅፌያት አድሬያለሁ፣ ከእኔ ሞሰብ ነው የምትበላው። ሦስተኛው ላይ ግን ምን ብዬ እንደምረታቸው ጠፋኝ። አቀበቱ ላይ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ አገኘኋቸውና መንገድ ለቀቅሁላቸው። ከኋላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ እንደነሱ ጎንበስ ብላ፣ ትንሽዬ ሸክም ጀርባዋ ላይ አድርጋ ትከተላለች። «ልጅሽ ናት?» አልኋት የመጨረሻይቱን። «ልጅቷ ናት» አለችኝ፣ ሳትቆም።

ግቢ ስደርስ ዲንቄ በኋላው በረንዳ ላይ የኮሌትን ቀሚስ ትተኩሳለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን ናት፣ ካውያውን በሁለት እጇ ነው የምታነሣው። አመዱን አራግፌ አዲስ ከሰል ጨመርሁላት፣ አጠገቧ ተቀመጥሁ። እኔና እሷ ብዙ ወሬ የለንም፤ ይህን አድርሺ፣ ያንን አምጪ ነው ወሬያችን። በመጨረሻ «ወረቀቱን ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«አውቃለሁ እትዬ። ጋሽ ከበበ ነገረኝ።»

«ልጃችን አድርገን እንውሰድሽ ነው የሚሉት።»

ዲንቄ የቀሚሱን እጅጌ አዞረች፣ በጣቷ ውኃ ረጨችበት። «ማዳም ኮሌትን ማ ፊይ ስትላት እጇን ትዘረጋላታለች» አለች። «እኔን ማ ፊይ ስትለኝ ትሪ ታቀብለኛለች። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። እጁ ነው የሚለየው።»

እኔ የካን አቋርጬ፣ ሽማግሌ አስነብቤ፣ እግሬ ነፍሮ ያመጣሁትን ነገር እዚያው ካውያው ሥር ተቀምጣ ታውቀው ኖሯል።

«እርስዎም…» ብላ ካውያውን አነሣች።

«እኔም ምን?»

«ምንም፣ እትዬ።»

እንስራዋ ከደረጃው ሥር ነበረች፣ ገመዷ ተጠቅልሎ አንገቷ ላይ። ከግቢው ስንወጣ ቦኖ ደርሳ ውኃ ልትቀዳልኝ ጠዋት ይዛት የመጣችው ናት። ሁለታችንም አየናት። ከዚያ ዲንቄ ወደ ቀሚሱ ተመለሰች።

ማዳም ሳሎን ውስጥ ብርጭቆ በጋዜጣ ትጠቀልል ነበር፤ ኮሌትም አጠገቧ ተቀምጣለች። ከበበን አልጠራሁም። ማዳም ትንሽ ትንሽ አማርኛ አላት፤ ሴቱን ሁሉ ወንድ ታደርገዋለች እንጂ ትግባባለች። ወረቀቱን ብርጭቆዎቹ መሐል አስቀመጥሁላትና «ማዳም፣ የትኛዋ ፊይ?» አልኋት። አልገባትም። በጣቴ መጀመሪያ ኮሌትን አሳየኋት፣ «ማ ፊይ» አልሁ። ቀጥዬ በረንዳው ላይ ያለችውን ዲንቄን አሳየኋት፣ «ማ? ወይስ ደ ሰርቪስ?»

ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ክፉ ሴት ነበረች አልልም፤ ታምሜ ስቀር መድኃኒት ልካልኛለች። ቃሉን ከሁለት ከፍላ ትጠራበት እንደነበር ለራሷም ያን ጊዜ የታወቃት ይመስለኛል። «ዲንቄ ጥሩ ልጅ ነው» አለችኝ። «እኔ ጋ በደንብ ይበላል። ቤት አለ፣ ልብስ አለ።» ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። «አንተ ጋስ? አንተ ጋ ለዲንቄ ምን አለ?»

እንግዲህ እኔ የማልሸነፍ ሴት ነኝ፣ ይህን ሰፈሩ ያውቃል። በአንድ ቀን ሁለት ሰው ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ደሜ ፈላ። «ትምህርት ቤት አለ!» አልኋት ጮክ ብዬ። «ዛሬውኑ ትገባለች!» በረንዳው ላይ ካውያው ቆመ። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ዲንቄ በሩ ላይ መጥታ ቆማ ነበር፣ ዓይኗ ፈጥጦ፣ የኮሌትን ቀሚስ ታቅፋ።

«እትዬ» አለች በቀስታ፣ «ምዝገባው ዛሬ ያበቃል። አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋሉ።»

ከየት አወቅሽ አላልኋትም። የዘንድሮውን ካወቀች የየዓመቱንም ታውቅ ኖሯል ማለት ነው። ማዳም የተቃጠለውን እጅጌ አየችው። ከሣጥኖቹ አንዱን ፈልፍላ የኮሌትን ሁለት ደብተርና አንድ እርሳስ አወጣችና ለዲንቄ ሰጠቻት። «ዲንቄ» ብቻ አለቻት፣ ፊይ የሚለውን አልጨመረችም። በዚያች ቀን ከማዳም የወደድሁት ይህን ነው።

ትምህርት ቤቱ ከእኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ መሐል ያለ፣ ጭቃው ገና ያልተለሰነ ባለሦስት ክፍል ነው። ዲንቄ ባዶ እንስራዋን እንዳዘለች ስንደርስ ለአሥር ሰዓት ሩብ ቢቀረው ነው። መዝጋቢው ኢዶሳ የሚባል ወጣት መምህር፣ ሁለት መዝገብ ፊቱ ተደርድሯል። እግራችንን አየው፤ የእኔን ሸራ ጫማ፣ የእሷን ባዶ እግር። «ለቤት ሠራተኞች የማታ ክፍል ከፍተናል» አለኝ በትሕትና። «ቀን ሥራቸውን ሠርተው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ይማራሉ። ለእርስዎም ይቀልዎታል።»

እውነቱን ልናገር። ልቤ «ማታ፣ ማታ» አለኝ። ውኃው ይቀዳል፣ ልብሱ ይደርሳል፣ ፊደሉም አይቀርም። በፈዬራም ፊት በራጉኤልም ፊት ቃሌን ጠበቅሁ እላለሁ። ማን ይወቅሰኛል? አፌን ስከፍት መምህሩ ቀደመኝና ወደ ዲንቄ ዝቅ ብሎ «ምንሽ ናቸው?» አላት።

ዲንቄ ደብተሮቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እትዬ ናቸው» አለች።

መዋሸት አታውቅም። መምህሩ የማታውን መዝገብ ገለጠ፣ ብዕሩን ነከረ። ያን ጊዜ ነው ልቤን ዝም ያሰኘሁት። «ቆይ ወንድሜ» አልሁት። «እሷ እትዬ ትበለኝ፣ ያስለመድኋት እኔ ነኝ። ለእኔ ግን ልጄ ናት። የቀን ጻፍ።»

«ቀን ከሆነ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይለቀቁም። ሥራ…»

«የቀን ጻፍ አልሁህ! ሥራው የእኔ ነው።»

ሌላውን መዝገብ ሳበ። ዲንቄ ፈዬራ ብሎ ጻፈ፣ ቀጥሎ የእኔን ስም ጻፈ፣ ወለተጊዮርጊስ፣ ከእኔም ስም ፊት አንድ ቃል አስቀድሞ። ስሜን ሲጽፍ ዓይኔን አልነቀልሁም፤ ከጠዋት ጀምሮ ከቃል በፊት የሚቆም ነገር ያስፈራኛል። የሁለቱም መዝገብ ገጾች እንደተገለጡ ነበሩና ጎንበስ ብዬ በጣቴ መልቀም ጀመርሁ። የማታው ላይ ከየሰው ስም ፊት አ፣ ሳ፣ ዳ፣ ሪ ይላል። አሳዳሪ። የቀኑ ላይ፣ ከእኔ ስም ፊት፣ አ፣ ሳ፣ ዳ… እዚህ ላይ ተነፈስሁ… ጊ። አሳዳጊ። አራት ዓመት ሙሉ በመሐላችን ቆማ የኖረችው አንዲት ፊደል ናት ለካ።

«እዚህ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ» አለኝ መምህሩ ቀለሙን እየገፋልኝ። ለማዳም ወረቀት የነፈግሁትን አውራ ጣት እስከ አንጓው ነክሬ አሳረፍሁ። ወረቀቱን አበላሸሁበት፣ አልተቆጣም።

ወደ ቤት ስንመለስ ገና ፀሐይ ነበረች፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆማ ባሕር ዛፉን ታቀላዋለች። ቦኖው ጋ ሰልፍ አለ። ዲንቄ እንስራዋን ልታወርድ ስትል ከጀርባዋ ላይ ተቀበልኋት፣ «ደብተርሽን ያዢ፣ ጭቃ እንዳይነካው» ብዬ። እንስራ ከተሸከምሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ገመዱ ደረቴ ላይ ሲጠብቅ ወገቤ ጮኸ። ጎረቤቴ የማርያምወርቅ ከሰልፉ መሐል አየችኝና ሳቋ ቀድሟት መጣ።

«ኧረ ወለቴ! ምን ጉድ ነው? ልጅቷ ታመመች እንዴ?»

«ልጄ ነገ ትምህርት አለባት» አልኋት። እሷም «የትኛዋ ልጅሽ?» አለችኝ፣ እውነት ግራ ገብቷት። ዲንቄን በአገጬ አሳየኋት። የማርያምወርቅ አየቻት፣ ደብተሮቹን አየች፣ ከዚያ በሰልፉ አስቀደመችኝ።

ዳገቱን ስንወጣ እንስራዋ ወዲያና ወዲህ አለች፣ ውኃው በጀርባዬ ወረደ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀሚሴ ራሰ። ዲንቄ ከኋላዬ ትከተላለች። ትንሽ ቆይታ እንደሚያስተምር ሰው «እትዬ፣ እንደሱ አይደለም» አለችኝ። «አንገትሽን ቀና አድርጊ። ጎንበስ ስትዪ ነው የሚፈስብሽ።»

እትዬ ማለቷን አልተወችም። ነገር ግን አድርጊ ነው ያለችኝ፣ ያድርጉ አላለችም። እንዳመለጣት ለራሷ ያወቀችው አይመስለኝም። በደንብ ሰምቻታለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው፤ ቢሆንም ቆም ብዬ «ምን አልሽ?» አልኋት።

«አንገትሽን ቀና አድርጊ» አለች፣ ጮክ ብላ።